ለፌስታል ለምን ያስከፍሉናል? ሳንቲሙስ የት ነው የሚገባው?

ካሼር ሆኜ በሰራሁባቸው አመታት በቀን ስንቴ እንደጠየቅኩት ቆጥሬ የማልጨርሰው ጥያቄ ቢኖር "ባግ ትፈልጋላችሁ?" የሚለው ነው። የምሰራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ነበር፣ ሰፈሩ ደግሞ የኛ ሰው የሚበዛበት ነው፣ እና ያቺ አጭር ጥያቄ የምታስነሳውን ነገር ያየ ሰው ወሬው ስለ ፌስታል ነው ብሎ አያምንም። የ180 ዶላር እቃ ምንም ሳይመስለው የከፈለ ሰውዬ 15 ሳንቲም ሲጨመርበት ፊቱ ልውጥ ይላል። አንድ እናት ትዝ ይሉኛል፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጥተው ጋሪ ሙሉ እቃ ከገዙ በኋላ "እንዴ የኔ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ገዝቼ ፌስታሉን ደግሞ ትሸጡልኛላችሁ?" አሉኝ። እኔም "ህጉ ነው እማዬ" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም፣ እሳቸው ግን ቅር ብሏቸው ነው የሄዱት።

"ህጉ ነው" የሚባል መልስ ማንንም አያረጋጋም፣ እኔንም አላረጋጋኝም። ስለዚ ነገሩን ከስር መሰረቱ ለመረዳት ሞከርኩ እና የገባኝን ልንገራችሁ፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ፣ ምክንያቱም እዚ አካባቢ ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ህጉ ስለሚቀየር ብዙ ሰው ሱቁ ያጭበረበረው ነው የሚመስለው።

ከዲሲ እንጀምር። ህጉ የፀደቀው በ2009 ነው፣ ስራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ። ያመጣው ቶሚ ዌልስ የሚባል የከተማው ካውንስል አባል ነበር። ምግብ ወይም አልኮል የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ባግ፣ ፕላስቲክም ይሁን ወረቀት፣ 5 ሳንቲም እንዲያስከፍልና ሪሲቱ ላይ ለብቻው እንዲያሳይ ይላል ህጉ። የህጉ ስም ውስጥ "ፌስታል" የሚል ቃል እንኳን የለም፣ የአናኮስቲያ ወንዝ ማፅጃና መጠበቂያ ነው የሚባለው። እዚ ጋ ነው ነገሩ የሚጀምረው። ወንዙን ካላወቅን 5 ሳንቲሟ አትገባንም።

አናኮስቲያ ከዋሽንግተን በስተምስራቅ በኩል የሚያልፍ ወንዝ ነው። ቱሪስት ፎቶ የሚነሳው ፖቶማክ ጋ ነው፣ አናኮስቲያ ግን ለብዙ አመት ተረስቶ ሁሉም ቆሻሻውን የሚጥልበት የነበረ ወንዝ ነው፣ ዳርቻው ላይ የሚኖረውም በአብዛኛው ጥቁርና አቅሙ ዝቅ ያለ ህዝብ ነው። በ2008 ቆሻሻው ምን ምን እንደሆነ ሲጠና፣ ወደ ወንዙ በሚገቡት ትናንሽ ጅረቶች ላይ ከተለቀመው ቆሻሻ ግማሽ የሚጠጋው፣ 47 በመቶው፣ ፌስታል ሆኖ ተገኘ። ጠርሙስና ጣሳም ነበር እርግጥ፣ ግን ጅረት ላይ ፌስታል የሚያህል አልነበረም። ምክንያቱ ግልፅ ነው፣ ፌስታል ቀላል ነው፣ ነፋስ ያነሳዋል፣ ዝናብ ይገፋዋል፣ የመንገድ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦው ወደ ጅረት ይወስደዋል፣ ጅረት ላይ ደግሞ ቁጥቋጦ ይይዘውና ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ከዛ ቀስ እያለ እየተበጣጠሰ ወደማይለቀም ትንንሽ ነገር ይቀየራል። አንዴ ከተበጣጠሰ ደግሞ ማንም አይሰበስበውም።

አሁን እኛ ሜሪላንድ ያለነው "ይሄ የዲሲ ጉዳይ ነው" እንላለን፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ግን ወደ አናኮስቲያ የሚወርደው ውሃ የሚመጣበት መሬት አብዛኛው ያለው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ ሞንትጎመሪ እና ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ካውንቲ ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ ያላችሁ ስላይጎ ክሪክን ታውቁታላችሁ፣ ልጆቻችንን በሳይክል የምናንሸራሽርበት፣ ዘመድ ሲመጣ ወክ የምንወጣበት። ያ ጅረት ኖርዝዌስት ብራንች የሚባለው ውስጥ ይገባል፣ ኖርዝዌስት ብራንች ብሌደንስበርግ አካባቢ ከወንድሙ ከኖርዝኢስት ብራንች ጋር ሲገናኝ አናኮስቲያ ይሆናል፣ አናኮስቲያ ፖቶማክን ይቀላቀላል፣ ፖቶማክ ቼሳፒክ ቤይ ይገባል። ማለትም እኔ ስሰራበት ከነበረው ግሮሰሪ ፓርኪንግ ላይ ከአንድ ሰው እጅ ያመለጠ ፌስታል ያለማንም ከልካይ ባህር ድረስ መንገድ አለው። እኔ በግሌ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው ያቺን ጥያቄ ስጠይቅ ድምፄ የተቀየረው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው መጠየቅ አቆምኩ።

ሞንትጎመሪ ካውንቲም ዲሲን ተከትሎ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ 5 ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ፣ እሱ ደግሞ ምግብ ቤትና ግሮሰሪ ብቻ ሳይሆን ልብስ ሱቁንም ሁሉንም ያካተተ ነበር። ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ደግሞ ህጉ ተቀይሮ ካሼር ጋ ፕላስቲክ መስጠት ቀርቷል፣ የወረቀቱም 10 ሳንቲም ሆኗል። ፒጂ ካውንቲ ከሱ ቀድሞ በ2024 ጃንዋሪ ነው ፕላስቲኩን የከለከለው፣ እዛም ወረቀት ከፈለጋችሁ ቢያንስ 10 ሳንቲም። ቨርጂኒያ ሌላ ነው፣ ስቴቱ በ2020 ባወጣው ህግ ለየከተማውና ለየካውንቲው "ከፈለጋችሁ አስከፍሉ" አለ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ እና ፌርፋክስ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ 5 ሳንቲም ያስከፍላሉ፣ ግን ፕላስቲኩን ብቻ፣ ወረቀት ነፃ ነው። በዛ ላይ ሁሉም የቨርጂኒያ ከተማ አላስከፈለም። ስለዚ አንድ ሰው ጠዋት አሌክሳንድሪያ እንጀራና በርበሬ ገዝቶ፣ ከሰአት ዲሲ አንድ ሁለት ነገር አንስቶ፣ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ አጠገብ ወተት ቢገዛ በአንድ ቀን ሶስት የተለያየ ህግ ያጋጥመዋል። "ትናንት እዛ ማዶ በነፃ ሰጥተውኛል እኮ" የሚል ደምበኛ ውሸታም አይደለም፣ እውነቱን ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው ምን ምን እንደሚቆጠር ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት የምንከትበት ስስ ላስቲክ አይከፈልበትም። የስጋና የአሳ መጠቅለያም እንደዛው፣ ከፋርማሲ በሀኪም ማዘዣ የሚወሰድ መድሃኒት የሚገባበትም እንደዛው። እንጀራው ታሽጎ የመጣበት ላስቲክም አይቆጠርም፣ ህጉ የሚያየው ሂሳብ ስንከፍል ካሼሩ ጋ የሚሰጠንን መያዣ ብቻ ነው። "የቲማቲሙ ፕላስቲክ ወንዝ አይገባም እንዴ?" ብሎ የጠየቀኝ ወጣት ነበር፣ ጥያቄው ልክ ነው፣ ይገባል። ህግ አውጪዎቹ ያሰቡት ጥሬ ስጋና እርጥብ ነገር ያለ መጠቅለያ መያዝ ለጤናም ስለማይሆን መተኪያ ያለውን ብቻ ነው ማስከፈል የሚገባን ብለው ነው፣ ከቤት በሚመጣ ባግ ሊተካ የሚችለውን ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥርጣሬ እንምጣ። ከደምበኞች አፍ ብዙ ጊዜ የሰማሁት "ሱቁ ነው የሚበላው" የሚለው ነው። ዲሲ ውስጥ ከ5 ሳንቲሟ ሱቁ የሚያስቀረው 1 ሳንቲም ነው፣ የራሱን ባግ ይዞ ለመጣ ሰው 5 ሳንቲም የሚቀንስ ሱቅ ከሆነ 2 ሳንቲም ያስቀራል። የቀረው ለወንዙ የተለየ ፈንድ ውስጥ ይገባል። በዛ ብር ጅረት ላይ ቆሻሻ የሚይዙ ወጥመዶች ይተከላሉ፣ የተቦረቦሩ የጅረት ዳርቻዎች ይጠገናሉ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ወንዙ ጋ ወስዶ የማስተማር ፕሮግራምም አለ። ሞንትጎመሪም በ5 ሳንቲሙ ጊዜ አራቱ ሳንቲም የሚሄደው ለውሃ ጥራት ስራ ነበር። ይሄን ለምን አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ፣ እኚያ እናት ሌላ ቀን ሲመጡ ስለ ስላይጎ ክሪክና ስለ ብሩ አጠር አርጌ ነገርኳቸው፣ "ታዲያ እንደዚ ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?" አሉኝ። የከፈሉት ያው ነው፣ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰላቸውም፣ ግን ቅሬታው ወጣላቸው። እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ ሰው የሚናደደው በ5 ሳንቲም ነው ብዬ አላምንም። ሰው የሚናደደው ትናንት በእንግድነት የተሰጠው የሚመስለው ነገር ዛሬ ዋጋ ሲለጠፍበትና ለምን እንደሆነ የሚነግረው ሲያጣ ነው።

ሁሉም ቦታ ግን ብሩ ለወንዝ አይሄድም። ካሊፎርኒያ በ2016 ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ባፀደቀው ህግ 10 ሳንቲሙን የሚያስቀረው ሱቁ ራሱ ነው። እዛ ያለ ሰው "ሱቁ ነው የሚበላው" ቢል እውነት አለው። እንግሊዝም ብሩ ታክስ አይደለም፣ ሱቆቹ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጡ ይጠበቃል እንጂ ህግ አያስገድዳቸውም። ስለዚ "የት ነው የሚገባው?" ብሎ የሚጠይቅ ደምበኛ ነገረኛ አይደለም፣ መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቀው።

እሺ፣ 5 ሳንቲም ግን ምን ታመጣለች? መንገድ ላይ ወድቃ ብናያት ጎንበስ የማንልላት ሳንቲም እንዴት ሰውን ትቀይራለች? እኔን ራሴን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። ታቲያና ሆሞኖፍ የምትባል ኢኮኖሚስት እዚሁ እኛ አካባቢ ሱቆች ላይ ጥናት ሰርታለች፣ ሰው ምን እንደሚያስብ ጠይቃ ሳይሆን ካሼር ጋ ምን ያህሉ ሰው ባግ እንደሚወስድ በማስቆጠር። ከህጉ በፊት አንዳንድ ሱቆች የራሱን ባግ ይዞ ለሚመጣ 5 ሳንቲም ይመልሱ ነበር፣ ቦነስ ማለት ነው። ያ ቦነስ ያመጣው ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ያቺው 5 ሳንቲም ግን ክፍያ ስትሆን ባግ የሚወስደው ሰው ድርሻ ከ40 ፐርሰንቴጅ ነጥብ በላይ ወረደ። ልብ በሉ፣ ሳንቲሟ ያቺው ናት። 5 ሳንቲም ሲሰጡን "ደግ ነው" ብለን እናልፋለን፣ 5 ሳንቲም ሲወስዱብን ግን እንደተነጠቅን ይሰማናል። ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይበልጥ ይሰማዋል፣ የህጉ ጉልበትም እዛ ላይ ነው ያለው። ስለዚ ያ ካሼር ጋ የምናየው ንዴት የህጉ ጉድለት አይደለም፣ ህጉን የሚያሰራው ስሜት ራሱ ነው።

እኔ ከካሼር ቦታ ሆኜ ያየሁት ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርበታል። ከህጉ በፊት ማንም አይጠይቅም ነበር፣ አንድ ማስቲካና አንድ ውሃ የገዛ ሰውም ፌስታል ውስጥ ተከቶ ይሰጠው ነበር፣ ከባድ ነገር ከሆነ ደግሞ እንዳይቀደድ ሁለት እናደራርብ ነበር። ክፍያው ሲመጣ መጠየቅ ግድ ሆነ፣ ሲጠየቅ ደግሞ ሰው ለአንድ ሰከንድ ያስባል፣ ብዙው "ኧረ በእጄ እይዘዋለሁ" ይላል። ከሚቀነሰው ውስጥ ትልቁ ይሄ ይመስለኛል፣ ከመጀመሪያውም ማንም ያልፈለገው ፌስታል። ሴልፍ ቼክአውት ላይ ጠያቂ ሰው የለም፣ ማሽኑ "ስንት ባግ ተጠቀምክ?" ይላል፣ አራት የያዘ ሰው ዜሮ ሲነካ ስንቴ አይቻለሁ። አልፈርድበትም ግን ያሳዝነኛል፣ የሚቀረው ከወንዙ ስለሆነ።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ፣ ዲሲ ከህጉ በፊት በወር ወደ 22.5 ሚሊዮን ባግ ይወጣል ተብሎ ነበር የሚገመተው፣ በመጀመሪያው ወር በጃንዋሪ 2010 ግን ሱቆቹ ያስከፈሉበት ወደ 3 ሚሊዮን ሆነ። መቼም የመጀመሪያ ወር ድንጋጤ አለው፣ ሁሉም ሱቅም ገና አልጀመረም ነበር፣ ስለዚ እሱን ብቻ ይዤ አልሟገትም። በ2013 ነዋሪውን የጠየቀ ሰርቬይ አለ፣ ቤተሰቦች በሳምንት 10 ይወስዱ የነበረውን ወደ 4 እንዳወረዱ ነው የተናገሩት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ህጉን እንደሚደግፍ ተናግሯል። ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን የነበረውን ጫጫታ ለሚያስታውስ ሰው ትልቅ ለውጥ ነው።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ልክ የሆኑበትን ልናገር፣ ምክንያቱም እነሱን ሳልሰማ ባልፍ ያ ሁሉ አመት ካሼር ጋ የቆምኩት በከንቱ ነው።

በጣም የሚደጋገመው "እኔ ፌስታል አልጥልም፣ ለቆሻሻ ነው የምጠቀምበት" የሚለው ነው። የኛ ሰው ቤት ገብታችሁ የኪችን በሩን ብትከፍቱ አንዱ ፌስታል ውስጥ የታጨቁ መቶ ፌስታሎች ታገኛላችሁ፣ አንዱም በከንቱ አይሄድም፣ ለቆሻሻ፣ ለዳይፐር፣ ለምሳ እቃ፣ አገር ቤት የሚላክ ጫማ መጠቅለያ። ይሄን ክርክር ድሮ ሰበብ ይመስለኝ ነበር፣ አይደለም። ሬቤካ ቴይለር የምትባል ተመራማሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌስታል የከለከሉ ከተሞችን አጥንታ ያገኘችው፣ በክልከላው ምክንያት 40 ሚሊዮን ፓውንድ ፕላስቲክ ሲቀንስ የተገዛ የቆሻሻ ላስቲክ ደግሞ 12 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረ፣ በተለይ ትንንሾቹ የቆሻሻ ላስቲኮች ሽያጫቸው ከእጥፍ በላይ ነው የሄደው። ማለትም ከቀነሰው ውስጥ ወደ 30 በመቶው በሌላ በር ተመልሶ ገብቷል። 70ው ቀንሷል፣ እሱ ቀላል አይደለም፣ ግን ያቺ "ለቆሻሻ ነው የምጠቀምበት" ያለችኝ ሴት እውነቷን ነበር። ለዛ ነው እኔ ሙሉ ክልከላ ከሚሆን ክፍያው ይሻላል የምለው፣ ለቆሻሻ የሚፈልገው ሰው ከፍሎ ይውሰድ፣ የማይፈልገው ይተው።

ሁለተኛው ደግሞ ወፍራሙ ፕላስቲክ ነው። ካሊፎርኒያ ስሱን ከልክላ ወፍራሙን "ደጋግመው የሚጠቀሙበት ነው" ብላ በ10 ሳንቲም ፈቀደች፣ ሰው ግን ወፍራሙንም እንደ ስሱ አንዴ ተጠቅሞ ጣለው፣ በክብደት ሲታይ የተጣለው ፕላስቲክ ጭራሽ ባሰ። በመጨረሻ በ2024 ሌላ ህግ አውጥተው ከ2026 ጀምሮ ወፍራሙንም ከለከሉ። አስር አመት የፈጀ ስህተት ነው።

ወረቀትና ጨርቅም ቢሆን በነፃ ከሰማይ አይወርድም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ስሌት የወረቀት ባግ በአየር ንብረት ላይ የሚያመጣው ጫና ከስስ ፌስታል እንዳይበልጥ ቢያንስ 3 ጊዜ መጠቀም ያስፈልጋል፣ የጥጥ ባግ ደግሞ 131 ጊዜ። ይሄ ስለ ወንዙ ሳይሆን ለማምረት ስለሚወጣው ጉልበት ነው፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ በመቆየት ግን ፕላስቲክን የሚወዳደረው የለም። ዲሲ ወረቀቱንም ማስከፈሏ ለዚህ ነው ትክክል የሚመስለኝ፣ ቨርጂኒያ ወረቀቱን ነፃ ስትለቀው ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ ነው የሚዞረው። ከየስብሰባው፣ ከየሰርጉ፣ ከየኮንፈረንሱ የሚታደለው የጨርቅ ባግም ቤት ውስጥ 20 ሆኖ ከተደረደረ ጥቅሙ ይጠፋል፣ ሁለት ሶስቱን መኪና ውስጥ አስቀምጦ እስኪያልቁ መጠቀም ነው ያለው። እቃ አውርዳችሁ ስትጨርሱ ባዶውን ባግ በር እጀታ ላይ ስቀሉት፣ ስትወጡ ታዩታላችሁ። ለእኔ የሰራልኝ እሱ ነው።

ሶስተኛው "ድሃውን ነው የሚጎዳው" የሚለው ነው፣ ይሄን በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። መኪና ያለው ሰው ባጉን ትራንክ ውስጥ ያስቀምጣል። ከስራ ወደ ስራ በአውቶብስ የሚሄድ፣ ድንገት ማታ ወርዶ እራት የሚገዛ ሰው ግን ሁልጊዜ ባግ ይዞ አይዞርም፣ እና ብዙ ጊዜ የሚከፍለው እሱ ነው። ዲሲ ህጉ ሲጀመር ገቢያቸው ዝቅ ላለና ለአረጋውያን ባግ በነፃ አድላ ነበር፣ ቨርጂኒያም ህጉ ላይ ከሚሰበሰበው ብር ፉድ ስታምፕና ዊክ (ለእናቶችና ለህፃናት የሚሰጥ የምግብ እርዳታ) ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች ባግ መግዛት እንደሚቻል ፅፋለች። ጥሩ ነው ግን አንዴ ሰጥቶ ማቆም አይበቃም። ስሰራ በነበረበት ሱቅ በር ላይ ሰው የተረፈውን ባግ ትቶ የሚሄድበት፣ የቸገረው የሚያነሳበት አንድ ቅርጫት ቢኖር ብዬ ተናግሬ ሰሚ አላገኘሁም፣ አሁንም ሀሳቡ ጥሩ ነው እላለሁ።

"ለምን ሪሳይክል አይደረግም?" ለሚሉ ደግሞ፣ ስስ ፌስታል ቤታችን ያለው የሪሳይክል ቢን ውስጥ መግባት የለበትም፣ መለያው ማሽን ላይ እየተጠመጠመ ስራ ያስቆማል፣ ሰራተኞች ማሽኑን አስቁመው በቢላ እየቆረጡ ነው የሚያወጡት። አንዳንድ ግሮሰሪዎች በራቸው ላይ የፌስታል መሰብሰቢያ አላቸው፣ የምትመልሱ ከሆነ እዛ ነው።

ደሞ ይሄ ነገር የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አየርላንድ በ2002 15 ሳንቲም ስትጀምር በአመት ለአንድ ሰው 328 ፌስታል የነበረው ወደ 21 ወርዷል። እስራኤል ያላችሁ ዘመዶቻችን ከ2017 ጀምሮ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ላይ 10 አጎሮት ትከፍላላችሁ፣ ለንደን በ2015 በ5 ፔንስ ጀምሮ በ2021 10 ሆኗል፣ ዱባይ በ2022 25 ፊልስ አስከፍላ በ2024 ደግሞ ከለከለች። ዲሲ ግን ከ2010 ጀምሮ ያችው 5 ሳንቲም ላይ ናት። እንቁላሉም ዘይቱም ኪራዩም ስንት እጥፍ ሲጨምር 5 ሳንቲሟ ባለችበት ቆማ ስሜቷ እየደከመ ነው፣ በኋለኞቹ አመታት "አዎ ስጪኝ" የሚለው ሰው ሲበዛ በአይኔ አይቻለሁ። መጨመር አለባት ብዬ አምናለሁ፣ የተጨመረችው ግን የት እንደምትገባ በየካሼሩ ጋ በአማርኛም በስፓኒሽም ተፅፎ ይለጠፍ።

አንድ ነገር ላንሳ፣ ስለ አገር ቤት። "አገራችን ፌስታል በነፃ ነበር" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አትክልት ተራን አስታውሰዋለሁ። መርካቶም አትክልት ተራም "ፌስታል! ፌስታል!" እያሉ የሚዞሩ ልጆች ነበሩ እኮ፣ ሽንኩርቱን ከመዘንክ በኋላ ፌስታሉን ከልጁ ነበር የምትገዛው፣ ወይ ከቤትህ ዘንቢል ይዘህ ነበር የምትወጣው። ማንም ተሰደብኩ አላለም፣ ምክንያቱም ዋጋው ፊት ለፊት ነው፣ ሻጩም ፊት ለፊት ነው። እንዲያውም ፌስታል ራሱ የቅርብ ነገር ነው፣ አሁን የምናውቀውን ባለ ሁለት እጀታ ፌስታል ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል የስዊድን መሃንዲስ ነው በ1960ዎቹ የሰራው፣ አሜሪካ ትልልቆቹ ሱቆች የተቀበሉት ደግሞ በ1980ዎቹ ነው። "ነፃ" ሲባልም ሱቁ ፌስታሉን የሚገዛው በብር ስለሆነ ወጪው እቃው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ሁላችንም እንከፍለው ነበር፣ የራሱን ዘንቢል ይዞ የመጣውም ጭምር።

ኢትዮጵያ የክፍያውን መንገድ አልመረጠችም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ የማይበሰብስ ፌስታል ይከለክል ነበር፣ ግን ሁላችንም እንደምናውቀው ወረቀት ላይ ነው የቀረው፣ የአዲስ አበባ ወንዞችና ቱቦዎች ምስክር ናቸው፣ ታርደው ሆዳቸው ውስጥ ፌስታል የሚገኝባቸው ከብቶችም ምስክር ናቸው። በዛው አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው አዲስ አዋጅ አፅድቆ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ከልክሏል፣ ይዞ ለተገኘ ግለሰብም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አለው። ወንዞቹን ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚል ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ክፍያ ሲሆን ብር ይሰበሰባል፣ በዛ ብር ወንዝ ይፀዳል፣ ባግ ይታደላል፣ ሰውም ቀስ እያለ ይለምዳል። ክልከላ ሲሆን ግን ብሩ የለም፣ መተኪያውን የሚያቀርብ ሰው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ያ "ፌስታል! ፌስታል!" እያለ ይዞር የነበረ ልጅ ነገ የጨርቅ ባግ ወይ ዘንቢል ይዞ እንዲዞር መነሻውን ብር የሚሰጠው ማነው?